ስድስት ወንድ፣ አንድ ምጣድ

«ለጎጃም ልጅ ደግሞ ምን ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል? ቅኔውን የተማረው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው እንዴ? እቤቱ ይማር!»

ይህን የሰማሁት አዲስ አበባ፣ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ነው። ተናጋሪው የተማረ ሰው ነው፤ የራሱን ልጆች የሚያስተምረው ግን እቤቱ ሳይሆን ከፍሎ ነው። አብረውት የነበሩት ሳቁ። እኔ ግን ቡናው አልወርድ አለኝ። ስድስት ወንድ ልጆች ካደጉበት ከቡሬ ገጠር ቤት የወጣሁ ነኝና እቤት መማር ምን እንደሆነ፣ ዋጋውንም ማን እንደሚከፍል አውቃለሁ።

በመጀመሪያ ታሪኩ ይታረም። የቆሎ ተማሪ እቤቱ አልተማረም፤ ከቤቱ ወጥቶ ነው የተማረው። ዋሸራን ለመሰለ የቅኔ አገር ስንቁን ቋጥሮ የሄደ ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንጠልጥሎ፣ ጎጆውን በራሱ እጅ ቀልሶ፣ ከመንደር ውሻ እየታገለ ቁራሽ ለምኖ ነው ሊቅ የሆነው። ቁራሹን የጋገሩትም የመንደሩ ሴቶች ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ያሳተሙት የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ባለታሪክ በዛብህም ከኛው ጎረቤት ከማንኩሳ የወጣ፣ ለእናት ለአባቱ አንድ የሆነ ልጅ ነበር። እሱም ቢሆን የተማረው እናቱ ጓዳ ተቀምጦ አይደለም። ደራሲው ራሳቸው ከቤተ ክህነት ትምህርት በኋላ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተዋል። እንግዲህ የጎጃምን ሊቃውንት ለተዘጋ ትምህርት ቤት ማመካኛ ማድረግ ሊቃውንቱን አለማወቅ ነው።

እቤት መማር የሚባለውን እኛ ቤት እንየው። አባቴ ዳዊት ደግሞ ያቆመ ገበሬ ነበር። ስድስታችንንም ሀሁ ያስቆጠረን እሱ ነው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ስለነበረ ለሁለት ከፈለን፤ ሦስቱ ጧት ሲማሩ ሦስቱ ከብት ይጠብቃሉ፣ ከሰዓት ይለዋወጣሉ። ማታ ኩራዝ ተለኩሶ መደቡ ላይ ስንደረደር አንድ ሕግ ነበረችው። ታላቅ የተማረውን ለታናሹ ሳያስረዳ እራት አይቀርብም። ይህን ከቅኔ ቤት ነው የወሰደው፤ እዚያም የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን ያስጠናል፣ የኔታ ሁሉን ብቻቸውን አይሸከሙም። ዘዴው ሠርቷል። ማባዛት ያስተማረኝ መምህሬ ሳይሆን ሦስተኛው ወንድሜ ነው፤ ስሳሳት በኩርኩም ይመታኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና!

ታዲያ እናቴስ? እኛ መደቡ ላይ ስንጮህ እሷ ከጉልቻው ዘንድ ነበረች። ሴት ልጅ አልወለደችምና የሚያግዛት የለም። ለስምንት ሰው ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ሊጥ አቡክታ፣ ጋግራ፣ የስድስት ወንድ ልብስ አጥባ ታድራለች። «ወንድ ልጅ ጓዳ አይገባም» ተብለን ስላደግን፣ ጢሱ ዓይኗን ሲያስለቅሳት እያየን የቤት ሥራችንን እንሠራ ነበር። በ1971 ዓ.ም በተጀመረውና አገሪቱን እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት ባስገኘላት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እሷም ደብተር ይዛ ነበር። ስሟን መጻፍ እንደጀመረች ወንዶቹ ተከታትለው ተወለዱ፤ በዚያው ቀረ። ስድስት ወንድ ልጅ ፊደል ከቆጠረበት ቤት ፊደል ያልለየችው እሷ ብቻ ናት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያልን በምንተርትበት አገር፣ ሃምሳውን ሎሚ በሙሉ እሷ ላይ ጭነን ኖርን። አንዳችን እንኳ ውሃ ቀድቶ፣ አንዳችን «ይህቺ ለ ናት እማ» ብሎ ቢያሳያት ምን ይጎድልብን ነበር?

ስለዚህ «እቤት ይማሩ» የሚል ሰው በቅድሚያ እንጀራውን ማን እንደሚጋግር ይንገረን። ወንዶች ልጆች የበዙበት ቤት ትምህርት ቤት ይሁን ከተባለ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምጣዱ ዘንድ ይሁን። ይህን ስል የሚስቁብኝ አይጠፉም። ይሳቁ! የቆሎ ተማሪ ውሃውን ቀድቶ፣ እንጨቱን ለቅሞ ሲማር ወንድነቱ አልጎደለበትም።

ይህ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ እቤት መማር ትምህርት ቤትን አይተካም። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነቱ በርካታ ትምህርት ቤቶችን ለወራት፣ አንዳንዶቹንም ለዓመታት ዘግቷል። በ2017 ዓ.ም የክልሉ ትምህርት ቢሮ ከትምህርት ገበታ ውጪ የሆኑትን ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ አድርሷቸዋል። ቡሬ ላይ አምስት ወንዶች ያሏት ዘመድ አለችኝ። መስመሩ ሲከፈት ደውዬ ስለ ልጆቹ ጠየቅኋት። «ትንንሾቹን ትልቁ ያስቆጥራቸዋል፤ እኔ የምፈራው ለትልቁ ነው፣ ወንድምዓለም» አለችኝ። ምን ትፈሪያለሽ ብዬ አልጠየቅኋትም።

የአባቴ ዘዴ ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። ታላቅ ታናሹን ያስተምራል፤ ታላቁን ግን ማን ያስተምረዋል? ለእኛ ታላቅ ወንድም ጧት የሚሄድበት ትምህርት ቤት ነበረው። ማታ ለእኛ የሚያካፍለውን ከዚያ ይዞ ይመጣ ነበር። የዛሬው ታላቅ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ላይ ከቆመ ከዚያ በላይ የሚያወርሰው የለውም፤ ፊዚክሱን ከማን ይማር? እጁን አጣጥፎ የተቀመጠውን ጎረምሳ ደግሞ ጠመንጃ ወይም ስደት ይጠራዋል። ወንድ ልጅ የበዛበት ቤት ድሮ «የታደለ» ይባል ነበር። ዛሬ እናቲቱ ማታ ማታ ልጆቿን የምትቆጥረው ጎድሎብኝ ይሆን ብላ ነው።

ጠመንጃ የያዛችሁ ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ያላችሁ፣ ትምህርት ቤቱን ለልጆቹ ልቀቁላቸው። መንገዱን ለመምህሩ ክፈቱለት። ወላጆችም እስከዚያው በየመደቡ ኩራዙን አብሩ፤ ወንዶቹን ውሃ አስቀዱ፣ እናቲቱንም ከመደቡ አስቀምጧት። የቡና ቤቱ ወዳጄ ግን እቤት መማር በቂ ነው ብሎ ካመነ፣ ነገ ጧት የራሱን ልጆች ከከፈለበት ትምህርት ቤት ያስወጣና ያሳየን።