ስሟ ሽፋኑ ላይ፣ እርሷስ የት?

የዛሬው መነሻችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ከቪዲዮ ጌም ነውና። «ጌም የልጆች ጉዳይ አይደለም እንዴ? ከባልና ሚስት ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እስቲ ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ ከልጆች መጫወቻ ተነሥቶ እስከ ጓዳችን ድረስ የሚዘልቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ የእርሷ፣ ጉዞው የእርሱ

ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1986 «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» የሚባል ጌም አወጣ። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የዜልዳ አፈ ታሪክ» ማለት ነው። ዜልዳ ሃይሩል የተባለች የምናብ አገር ልዕልት ናት። እንግዲህ ርዕሱን ያነበበ ሰው፣ ዜልዳን እያንቀሳቀሰ የሚጫወት ይመስለዋል። ነገር ግን ተጫዋቹ የሚያገኘው ሊንክ የተባለ አረንጓዴ ልብስ የለበሰ ወጣት ነው። ዋሻ የሚገባው ሊንክ፣ ሰይፍ የሚመዘው ሊንክ፣ ጭራቁን የሚገጥመው ሊንክ! ልዕልቲቱ ግን ተማርካ የሚያድናትን ትጠብቃለች። ከዚህም የተነሣ ጌሙን በቅጡ የማያውቁ ብዙ ሰዎች ያንን ባለ ሰይፍ ወጣት «ዜልዳ» እያሉ ይጠሩታል። ስሟ ሽፋኑ ላይ አለ፤ እርሷ ግን በስሟ በተጠራው ታሪክ ውስጥ እንግዳ ሆናለች።

የሚገርመው፣ በዚያው በመጀመሪያው ታሪክ ውስጥ እንኳ ብልኋ እርሷ ነበረች። ጠላት አገሯን በወረረ ጊዜ፣ የሚፈልገው የጥበብ ቅርስ እጁ እንዳይገባ ስምንት ቦታ ከፋፍላ የሸሸገችው፣ ሞግዚቷንም የሚረዳ ጀግና እንድትፈልግ የላከችው ዜልዳ ናት። ይህ ሁሉ ግን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የተፈጸመ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ በመግቢያ ጽሑፍ ያነበዋል እንጂ አይጫወተውም። ስንት ቤት ውስጥ ነው የሚስት ሥራ እንዲህ መግቢያ ሆኖ የቀረው?

የዚያው ኩባንያ ሌላዋ ልዕልት ፒች ትባላለች። በ1985 በወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ውስጥ እርሷም ተማርካ ማሪዮን የምትጠብቅ ነበረች። በ2005 ግን «ሱፐር ፕሪንሰስ ፒች» የሚል የራሷ ጌም ወጣላት። በዚህኛው ተራው ተገለበጠና ማሪዮ ተማረከ፤ ልታድነው የወጣችው እርሷ ሆነች። መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ምን መሣሪያ ተሰጣት? ጃንጥላና ስሜቷ! ስትናደድ ትነዳለች፣ ስታዝን እንባዋ እንደ ጅረት ይፈሳል፣ ስትደሰት ትበራለች፣ ስትረጋጋ ደግሞ ጤናዋ ይመለሳል። በወቅቱም አንዳንዶች «ሴት መሪ ስትሆን ኃይሏ ማልቀስና መቆጣት ነው እንዴ?» ብለው ነቅፈውታል። መሪነቱ ተሰጣት፤ የሚመራበትን መንገድ ግን ሌሎች ስለ ሴት ያላቸው ግምት ወሰነላት።

ሰይፍ ያልያዘችው ልዕልት

ወደ ዜልዳ እንመለስ። ሌላ ኩባንያ በፈቃድ የሠራቸውንና ብዙም ያልተወደዱትን ጥቂት ጌሞች ወደ ጎን ትተን፣ ኒንቴንዶ በዋናው ተከታታይ ውስጥ ዜልዳን ዋና ባለ ታሪክ ያደረገው ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 በወጣው «ኤኮስ ኦፍ ዊዝደም» ነው፤ «የጥበብ ማሚቶ» እንበለው። ከ1986 ጀምሮ ስትቆጥሩት 38 ዓመት ነው! ሥራውን ከመሩት ዳይሬክተሮች መካከል ቶሞሚ ሳኖ የተባለች ሴት ትገኛለች፤ በዚህ ተከታታይ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር ናት።

ጌሙ የሚጀምረው እንደ ወትሮው ነው፤ ሊንክ ልዕልቲቱን ሊያድን ይመጣል። ነገር ግን ምድር ላይ የተከፈተ ክፍተት ይውጠዋል። ከመዋጡ በፊት የሰደዳት ቀስት ዜልዳ የታሰረችበትን ብርጭቆ መሰል ዐለት ትሰነጥቅላታለች። ነጻ ወጥታ ወደ ቤተ መንግሥት ብትመለስም፣ በአባቷ መልክ የተቀመጠ አስመሳይ ንጉሥ ያለ ጥፋቷ ያሳስራታል። ከዚያ ወህኒ ወጥታ የጠፉትን፣ ሊንክንም ጭምር ልትፈልግ የምትነሣው ራሷ ናት።

ታዲያ በምን ትዋጋለች? ልብ በሉ፣ የሊንክን ሰይፍ አንስተው አልሰጧትም። የተሰጣት ያገኘችውን ነገር አስታውሳ መልሳ የምትሠራበት በትር ነው። አልጋ ካየች አልጋ ታወጣለች። አልጋዎቹን ደራርባ እንደ መሰላል ትወጣባቸዋለች፤ ገጣጥማ ድልድይ ታደርጋቸዋለች፤ ሲደክማት ደግሞ ተኝታባቸው ጤናዋን ትመልሳለች። ያሸነፈቻቸውን ጭራቆች እንኳ ጠርታ ስለ እርሷ እንዲዋጉ ታደርጋለች። አዘጋጆቹ እንደገለጹት፣ ሰይፍና ጋሻ የለመደው ሊንክ ዋና ቢሆን ኖሮ ይህ አዲስ ስልት ዋጋ ያጣ ነበር። ለአጭር ጊዜ የሰይፈኛ መልክ መያዝ ትችላለች፤ ኃይሉ ሲያልቅ ግን ወደ ራሷ መንገድ ትመለሳለች። በመጨረሻው ፍልሚያም ሊንክ ተገኝቶ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ይዋጋሉ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ዜልዳ መሪ የሆነችው ሊንክን በመምሰል አይደለም፤ ሊንክም የተናቀው እርሷ ስለ ተነሣች አይደለም። እርሷ የራሷን መንገድ ስታገኝ፣ እርሱ ብቻውን ሊያደርገው ያልቻለው ነገር ተደረገ።

ስሙ የመጣው ከማን ነው?

አሁን ከጌሙ ወጥተን ወደ እውነተኛ ታሪክ እንሂድ፤ ለባለትዳሮች የከበደው ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነውና። የጌሙ ፈጣሪ ሺገሩ ሚያሞቶ «ዜልዳ» የሚለውን ስም የወሰደው ከአሜሪካዊው ደራሲ ከስኮት ፊትዝጄራልድ ሚስት እንደሆነ ተናግሯል፤ የስሙን አጠራር ወዶት ነበር። ይህች ሴት ዜልዳ ሴየር ትባላለች፤ በ1900 በአላባማ ግዛት ሞንትጎመሪ ከተማ ተወለደች፤ ከስኮት ጋር በ1920 ተጋቡ።

በጌሙ የሴቲቱ ስም ሽፋኑ ላይ ሆኖ ሥራው የሌላ ነበር። በእነዚህ ባልና ሚስት ቤት ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ሥራው የእርሷ፣ ስሙ የእርሱ! ዜልዳ በ1922 በአንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ የባሏን ልብ ወለድ ስትገመግም፣ ከተጋቡ በኋላ የጠፋባትን የማስታወሻ ደብተሯን አንድ ክፍል መጽሐፉ ውስጥ እንዳገኘችው እየቀለደች ጻፈች። በ1930 ደግሞ እርሷ የጻፈችው አንድ አጭር ልብ ወለድ በአንድ ታዋቂ መጽሔት ላይ በእርሱ ስም ብቻ ታተመ። ለምን? መጽሔቱ ለስኮት ስም 4,000 ዶላር ይከፍል ስለነበር ነው። ገንዘቡ ለቤታቸው ያስፈልግ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ስሟ የተሰረዘው በጠብ ቀን አይደለም፣ ለቤቱ ይበጃል ተብሎ ነው።

በዚያው በ1930 ዜልዳ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገባች። በ1932 ባልቲሞር በሚገኝ ሆስፒታል ሳለች የራሷን ልብ ወለድ በጥቂት ሳምንታት ጽፋ ጨረሰችና፣ ለባሏ ሳታሳይ ለእርሱ አሳታሚ ላከችው። ስኮት እጅግ ተቆጣ። የጋራ ሕይወታቸው ለእርሱ መጽሐፍ የተያዘ ጉዳይ እንደሆነ ያምን ነበርና አንዳንድ ክፍሎች እንዲለወጡ አደረገ። መጽሐፉ በዚያው ዓመት ታተመ፤ የተሸጠው ግን ከ1,400 ቅጂ ያነሰ ነበር። በ1933 ሐኪሟ ባሉበት፣ ንግግራቸው ቃል በቃል እየተጻፈ ሲወያዩ፣ ስኮት ልብ ወለድ መጻፏን እንድታቆም ጠየቃት።

ስኮትን ለመኮነን አይደለም ይህን ማንሣቴ። የሆስፒታሏን ዕዳ ለመክፈል ሌት ተቀን የጻፈ ሰው ነው። ሕመሟንም እርሱ አመጣባት ማለት አይደለም። ነገር ግን ሁለቱ አብረው የኖሩትን ሕይወት፣ ለመተረክ መብት ያለው አንዱ ብቻ እንደሆነ አሰበ። እርሱ በ1940 ሞተ። እርሷም በማርች 1948 በሰሜን ካሮላይና አሽቪል ሆስፒታል ውስጥ በተነሣ ቃጠሎ ከሌሎች ስምንት ሴቶች ጋር አረፈች። የጽሑፎቿ ስብስብ በራሷ ስም የታተመው በ1991 ነው፤ ከሞተች ከ43 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

በእኛ ቤትስ?

ወገኖቼ፣ ሁላችንም ደራሲዎች አይደለንም። ይሁን እንጂ የሁለቱም ዜልዳዎች ታሪክ በየቤታችን አለ። እስቲ ሦስት ነገር አብረን እንመልከት።

አንደኛ፣ የሠራውን ሰው በስሙ ጥሩ። ቤቱ ሲሠራ ሲሚንቶና ብረት የቆጣጠረችው እርሷ ሆና ሳለ፣ እንግዳ ሲመጣ «ቤቱን እንዲህ ነው የሠራሁት» የሚል ባል ስንት ነው? የሱቁ ፈቃድ በእርሱ ስም ነው፤ ደንበኛውን የምታውቀው፣ የዱቤ መዝገቡን የምትይዘው ግን እርሷ ናት። በእርሷ ስም ተመዝግቦ እርሷ ምንም የማትወስንበትም አለ። ባሎች ሆይ፣ «እርሷ ናት ያሰበችው» ለማለት ምን ያህል ገንዘብ ይወጣባችኋል? ምንም! ሳይባል ሲቀር ግን ዋጋው ከ4,000 ዶላር በላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ዕድሉን ስትሰጡ መሣሪያውንም አብራችሁ አትምረጡ። «እሺ ሥሪ፣ ግን እኔ በምልሽ መንገድ ሥሪ» ማለት ፒችን ጃንጥላ አስይዞ መላክ ነው። ሚስታችሁ ነገሩን እናንተ በማታውቁት መንገድ ልትጨርሰው ትችላለች። አልጋ ደራርቦ ግድግዳ መሻገር ለሰይፈኛ ሰው ያስቃል፤ ግድግዳው ግን ተሻግሯል።

ሚስቶችም ስሙኝ። «እርሱ ካልፈቀደ» በማለት የተቀበረው ሁሉ በባል የተቀበረ አይደለም። አንዳንዱን የቀበርነው እኛው በፍርሃት ነው። የሚያድነን ሰው እስኪመጣ ስንጠብቅ፣ በትሩ እጃችን ላይ ሊሆን ይችላል። እህቴ ሆይ፣ የጀመርሽው ትምህርት፣ ያሰብሽው ሥራ የት ደረሰ? ባለቤትሽ ስለ እርሱ ያውቃል? ወይስ ሳትነግሪው «አይረዳኝም» ብለሽ ፈርደሽበታል?

ሦስተኛ፣ ልጆቻችሁ ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን፣ የሰዓቱን ገደብና የጌሙን ይዘት መቆጣጠር የወላጅ ድርሻ ነው። ከቁጥጥሩ ጋር ግን ጥያቄም ጨምሩበት፦ «እዚህ ታሪክ ውስጥ የሚወስነው ማነው? የሚጠብቀውስ ማነው?» በሉ። ከዚያም ጥያቄውን ወደ ቤታችሁ አምጡት። ወንዱ ልጅ ሲጫወት ሴቷ ልጅ ሁልጊዜ ሳህን የምታጥብ ከሆነ፣ የመጫወቻው እጀታ ቀርቶ የቤቱም ተራ አልደረሳትም ማለት ነው። ልጆች የምንነግራቸውን ሳይሆን የሚያዩትን ይማራሉ።

ውድ ባለትዳሮች፣ ኩባንያው ያችን ልዕልት ወደ ታሪኳ ለማስገባት 38 ዓመት ፈጀበት። እርሷ የምናብ ሰው ስለሆነች አላረጀችም፤ ጠብቃም አልደከመችም። አጠገባችሁ ያለችው ሴት ግን ታረጃለች፣ ትደክማለችም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሻይ አፍሉና ተቀመጡ፤ ባል ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «በቤታችን ታሪክ ውስጥ የአንቺ ሆኖ ሳለ በእኔ ስም የሚጠራው ምንድን ነው?» ሚስትም እንዲሁ ትጠይቀው። መልሱ ሲመጣ አትከራከሩ፤ መጀመሪያ አድምጡ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።