«ምርጡን» ማን መረጠው?

ሰሞኑን በመኝታ ክፍሎቻችንም በሻይ ክበቡም ስለ ጃፓኑ የሮክ ባንድ ስለ ስፒትዝ ክርክር ተነሥቷል። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በ1999 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) «ሪሳይክል» በሚል ስም የወጣ አንድ ስብስብ አለ፤ በውስጡ 13 ዘፈን፤ ሁሉም የታወቀ፣ ሁሉም ለጆሮ የሚጥም። በ2006 ደግሞ «ሳይክል ሂት» የተባለ፣ የባንዱን ነጠላ ዜማዎች ከመጀመሪያዋ አንሥቶ በወጡበት ቅደም ተከተል የደረደረ፣ በሁለት አልበም የተከፈለ ሌላ ስብስብ ወጣ። «የፊተኛው ይበቃል፤ ምርጡ እያለ ግርዱን ማን ይሰማል?» የሚሉ ወገኖች በርክተዋል።

እኔ አልስማማም። አለመስማማት ብቻም አይደለም፤ «ምርጡ» የሚለው ቃል ራሱ አንድ ጥያቄ አድበስብሶ ያልፋል እላለሁ። ለመሆኑ መራጩ ማን ነው?

ስፒትዝ በ1987 ቶክዮ ውስጥ የተመሠረተ ባንድ ነው። ዘፋኙና የአብዛኞቹ ዘፈኖች ደራሲ ኩሳኖ ማሳሙኔ፣ ጊታር ተጫዋቹ ሚዋ ቴትሱያ፣ በቤዝ ታሙራ አኪሂሮ፣ በድራም ሳኪያማ ታትሱዎ፤ እንደኛው ተማሪዎች ሳሉ ተገናኝተው፣ እስከ ዛሬ ድረስ አንድም ሰው ሳይለወጥ አብረው የሚጫወቱ አራት ሰዎች ናቸው። በመጋቢት 1991 በፖሊዶር ኩባንያ በኩል የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸውንና የመጀመሪያ አልበማቸውን በአንድ ቀን አወጡ። ገበያው ግን ዞር ብሎም አላያቸው! አራት ዓመት ከለፉ በኋላ፣ በሚያዝያ 1995፣ 11ኛዋ ነጠላ ዜማቸው «ሮቢንሰን» ወጣችና አገር ምድሩን አዳረሰች። ከ1.6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠች። (ስሟን ያገኘችው ኩሳኖ ታይላንድ ሄዶ ካየው አንድ ትልቅ መደብር ነው፤ በግጥሙ ውስጥ ቃሉ የለም። ስለ ዳንኤል ዲፎ መጽሐፍ ነው እያላችሁ የምትተነትኑ ወንድሞች እባካችሁ እረፉ።)

እንግዲህ ባንዱ ከታወቀ በኋላ አንድ አቋም ነበረው፤ እስክንበተን ድረስ «ምርጥ ሥራዎች» የሚባል አልበም አናወጣም የሚል። አቋሙ እልህ ሊመስል ይችላል፤ ግን የጊዜውን ገበያ ማየት ያስፈልጋል። በ1997 ግሌይ የተባለው ባንድ «ሪቪው» የተሰኘ ስብስብ አውጥቶ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሸጠ። በ1998 ቢዝ የተባሉት ሁለት ሰዎች «ፕለዠር» በሚል ስብስብ 5 ሚሊዮንን አለፉ። ከዚያ ወዲያ ለጃፓን የሸክላ ኩባንያዎች ስብስብ ማለት የወርቅ ማዕድን ሆነ። አዲስ ስቱዲዮ አይከራዩ፣ አዲስ ዘፈን አይጠብቁ፤ መጋዘን ውስጥ ያለውን ቴፕ አውጥቶ ማባዛት ብቻ! በዚያው በ1998 ሲግራም የተባለው የካናዳ የመጠጥ ኩባንያ ፖሊግራምን ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛው፤ ፖሊዶርም ከእናት ኩባንያው ጋር ወደ ዩኒቨርሳል ገባ። ውስኪ ጠማቂ የዘፈን መጋዘን ቁልፍ ያዘ ማለት ነው።

በታኅሣሥ 1999 «ሪሳይክል» ገበያ ላይ ዋለ፤ ባንዱ ሳይፈልገው፣ ከአቋሙ ጋር ፊት ለፊት በሚጋጭ መንገድ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

«እሰይ!» ይሉኛል ተከራካሪዎቼ እዚህ ላይ። «ሁለት ሚሊዮን ሰው ፈረደ፤ አራት ሰው ምን አገባው?» እንዴ! ሁለት ሚሊዮን ሰው የገዛው ዘፈኑን ወዶ ነው እንጂ፣ በኩባንያውና በሠሪዎቹ መካከል የነበረውን ቅራኔ ሰምቶ፣ መዝኖ፣ ለኩባንያው ፈርዶ አይደለም። ብዙኃኑን ሳይጠይቁ ከኪሱ በወጣ ገንዘብ «ብዙኃኑ ደግፎኛል» ማለት ለእኛ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አነጋገር ባይሆንም እውነት አያደርገውም።

ደግሞም የሽያጭ ቁጥር ስለ አንድ ዘፈን ዋጋ የሚነግረን ምን ያህል ነው? የዚሁ የስፒትዝ ሥራ ማስረጃ ይሁነን። «ሶራ ሞ ቶቤሩ ሃዙ» የተባለችው፣ መብረርም እንችላለን እንደ ማለት ያለች ዘፈን፣ በሚያዝያ 1994 ስትወጣ ብዙ ሰው ሳያያት አለፈች። በ1996 ፉጂ ቴሌቪዥን «ሃኩሰን ናጋሺ» ለተባለ የተማሪዎች ድራማ መለያ ዜማ አደረጋትና በሽያጭ አንደኛ ወጣች፤ የባንዱ የመጀመሪያዋ አንደኛ ሆነች። ዘፈኗ ያችው ናት። ድምፁ፣ ጊታሩ፣ ግጥሙ አንድ ነጥብ አልተለወጠም። የተለወጠው ሐሙስ ማታ ቴሌቪዥን ላይ መሰማቷ ነው። በቁጥር የምንመርጥ ከሆነ በ1994 ይህችን ዘፈን እንጥላት ነበር፤ በ1996 «ምርጥ» እንላት ነበር። ታዲያ የትኛውን እንመን?

ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። «ሪሳይክል» የያዛቸው ዘፈኖች ከ7ኛዋ ነጠላ ዜማ እስከ 19ኛዋ ያሉት ናቸው። ቅደም ተከተሉን ጠብቋል፤ ይህን አልክድም። ያደረገው ሌላ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቆርጦ ጣለ። ሁለት ዋና ዘፈን በአንድ ላይ ይዘው ከወጡት ከ18ኛዋና ከ19ኛዋም አንዳንዱን ብቻ ወሰደ፤ «ስፒካ»ን የመሰለች ዘፈን በዚህ ምክንያት ውጭ ቀረች። ስድስቱ ለምን ተጣሉ? ስላልተሸጡ። ሌላ ምክንያት የለም።

እስቲ የተጣሉትን እንያቸው። የመጀመሪያዋ «ሂባሪ ኖ ኮኮሮ» የባንዱ መግቢያ በር ናት፤ ከትልቁ ኩባንያ በፊት በ1990 ባወጡት አነስተኛ ሲዲ ላይም የነበረች፤ ሂባሪ የወፍ ስም ነው። ሦስተኛዋ «ማጆ ታቢ ኒ ዴሩ»፣ ለጉዞ ስለ ተነሣች ጠንቋይ፣ በቫዮሊንና በመሰል የክር መሣሪያዎች ታጅባ የተቀነባበረች ናት፤ ያ ሙከራ በ1992 ወደ ወጣው በኦርኬስትራ የታጀበ አነስተኛ አልበማቸው መርቷቸዋል። አራተኛዋ «ዋኩሴይ ኖ ካኬራ» ደግሞ ፍጹም ተቃራኒ፦ ድምፁ ሆን ተብሎ የሻከረ፣ የሚያጓራ ጊታር። እነዚህ ሰዎች በዘ ብሉ ሃርትስ ፓንክ ልባቸው ተሰርቆ የጀመሩ ናቸው፤ ዘ ብሉ ሃርትስ እኛ ልንሠራ የምንፈልገውን ሠርተውታል ብለው ወደ አኩስቲክ ጊታርና ወደ ለስላሳ ዜማ ቢዞሩም፣ ጉልበቱ ከሥር አልጠፋም። ይህን የሚያውቅ የ«ሮቢንሰን»ን ልስላሴ በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። ያንን የሚያንጠባጥብ የሚዋ ጊታር፣ አንዱ ክር ከሌላው በኋላ እየተነካ የሚፈስሰውን፣ ቆንጆ ጌጥ ብቻ አድርጎ አይወስደውም፤ መጮህ የሚችል ሰው ሳይጮህ ሲናገር እንደሚሰማው ነው።

ከሁሉ የምትገርመኝ ግን ስድስተኛዋ ናት፤ «ሃዳካ ኖ ማማ ዴ»፣ ሐምሌ 1993። ባንዱ አራት አልበም አውጥቶ አልሸጥ ሲለው፣ «አሁንስ መሸጥ አለብን» ብሎ ሳሳጂ ማሳኖሪ የተባለውን ፕሮዲዩሰር ይዞ፣ አውቆ ለገበያ ያዘጋጃት የደመቀች ዘፈን ናት። አልተሸጠችም! ለመሸጥ የተሠራችው ሳትሸጥ ቀርታ፣ ከሦስት ወር በኋላ የወጣችው ሰባተኛዋ፣ ረጋ ያለችው «ኪሚ ጋ ኦሞይዴ ኒ ናሩ ማኤ ኒ» በሩን መክፈት ጀመረች። እዚያው ሳሳጂ ዘንድ፣ እዚያው አልበም ላይ ያሉ ሁለት ዘፈኖች ናቸው። ስለ ባንዱ መማር የሚፈልግ ሰው ሁለቱን አከታትሎ ከመስማት የተሻለ ትምህርት አያገኝም። «ሪሳይክል» ላይ ግን ሰባተኛዋ መጀመሪያ ሆና ትቀርባለች፤ ከፊቷ ምንም ያልነበረ ይመስል። ስኬቱ ከሰማይ የወረደ ይሆናል። ለኩባንያ ይህ ይመቻል፤ ጥረትና ውድቀት አይሸጥም። ለእኛ ግን ምኑ ነው የሚመቸን?

አሁን የተቃራኒዎቼን ጠንካራ ነጥብ ላንሣ፤ አለላቸውና። በዚያን ጊዜ በጃፓን ነጠላ ዜማ የምትሸጠው ከዳር እስከ ዳር 8 ሳንቲ ሜትር በሆነች ትንሽ ሲዲ ነው፤ ዋጋዋ ወደ አንድ ሺህ የን። 13ቱን ለየብቻ የሚገዛ ተማሪ 13 ሺህ የን ያወጣል። ስብስቡን ግን በሦስት ሺህ የን ገደማ ያገኘዋል። ይህ ለድሀ አድማጭ ጥቅም ነው፤ እቀበላለሁ። ደግሞም ፖሊዶር ዓመታት ሙሉ የማይሸጥ ባንድ ተሸክሞ ኖሯል፤ ያወጣውን ማስመለስ መፈለጉ ነውር አይደለም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ስብስብ ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳል እንጂ፣ ሠሪዎቹ እምቢ ሲሉ ለምን እንደሚታለፉ አያስረዳም። ቴፑ የኩባንያው ንብረት ሊሆን ይችላል፤ ለቀረጻው የከፈለው እሱ ነውና። የሥራው ትርጉም ግን በቴፑ ኪራይ አብሮ አይሸጥም። ገበሬው በሬ ተከራየ ማለት እህሉን ማን እንደሚዘራ የበሬው ባለቤት ይወስን ማለት ነው እንዴ?

ባንዱ ደግሞ ስብስብ ጠል አልነበረም። በዚያው በ1999፣ በመጋቢት፣ «ሪሳይክል» ከመውጣቱ ዘጠኝ ወር በፊት፣ ራሳቸው «ካቾ ፉጌትሱ» የሚባል ስብስብ አውጥተዋል። ምን ያዘ? የነጠላ ዜማዎችን ጀርባ! በሁለተኛ ገጽ ተደብቀው የቀሩትን፣ ከትልቁ ኩባንያ በፊት የነበሩትን ሥራዎች። ሠሪዎቹ በመጋቢት የተረሱትን ሰበሰቡ፤ ኩባንያው በታኅሣሥ የማይረሱትን ሰበሰበ። የማን ስብስብ ለአድማጩ አዲስ ነገር ሰጠ? ይህን መመለስ ያቃተው ካለ ይንገረኝ።

«ታዲያ በ2006 ራሳቸው አወጡ አይደለም እንዴ? ሳይበተኑ! ቃላቸው የት ገባ?» የሚል ሹል ጥያቄም ሰምቻለሁ። ቃሉ የተሰበረው በ1999 ነው፤ በእነሱ ሳይሆን በእነሱ ላይ። ከዚያ በኋላ ምርጫቸው ሁለት ነበር፦ ያ ጎደሎ ስብስብ ለዘላለም እንደ መታወቂያቸው ሲሸጥ ዝም ብሎ ማየት፣ ወይም ሙሉውን አቅርቦ ጎደሎውን መተካት። በመጋቢት 2006፣ የመጀመሪያ ሥራቸው በወጣ በ15ኛ ዓመቱ፣ ሁለተኛውን መረጡ፤ «ሪሳይክል»ም ከኅትመት ወጣ። ስሙንም ልብ በሉ። «ሳይክል ሂት» በጃፓን የቤዝቦል ቋንቋ አንድ መቺ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ትንሹንም፣ መካከለኛውንም፣ ትልቁንም ምት ሁሉ ሲያሟላ የሚባል ነው። ከሜዳ የሚወጣው ትልቁ ምት ብቻውን ሳይክል አይሆንም፤ አንድ እርምጃ ብቻ የምታራምደዋ ደካማ ምት ካልተጨመረች አይሞላም።

እነሱ ብቻም አይደሉም የዚህ ዕጣ ተካፋይ። በመጋቢት 2001 የሃማሳኪ አዩሚ ስብስብ ሳትፈልገው ወጣ፤ ቀኑም የኡታዳ ሂካሩ አዲስ አልበም ከሚወጣበት ቀን ጋር ተገጠመ፤ ሁለት ዶሮ አዋግቶ ውርርድ እንደ መሰብሰብ። ሽፋኑ ላይ ዕንባዋን የሚያሳይ ፎቶግራፍ አለ። ያም በሚሊዮን ተሸጠ።

የቀረው «ጃፓንኛ አናውቅ፤ ለእኛ ጥቂት ጥሩ ጥሩ ዜማ ይበቃናል» የሚለው ነው። ይህ ደግሞ ይብስ። ግጥሙን የሚያነብ ሰው በአንዲት ዘፈን ውስጥ ብዙ ያገኛል። እኛ ቃሉን የማናውቅ ግን የቀረን ድምፁ ነው፤ ድምፁ ደግሞ የሚናገረው ከፊቱ ከነበረው ምን ለወጠ፣ ምን ጣለ፣ ምን መልሶ አነሣ በሚለው ነው። ሰንሰለቱን ከበጠሱብን ምን ተረፈን? ደስ የሚል ማንጎራጎሪያ! በገዛ ቋንቋችንስ የሙዚቃ ቤት «ምርጥ ሥራዎች» ብሎ በሚያወጣው ስንት ዘፋኝ በአሥር ዘፈን ተለክቶ እንደቀረ አናውቅምን?

«ሳይክል ሂት»ም ምሉዕ አይደለም፤ ነጠላ ሆነው ያልወጡት የአልበም ዘፈኖች በሙሉ የሉበትም፤ ከ«ሪሳይክል» በኋላ በ2000 በጠነከረ ጊታር የመጣው የ«ሃያቡሳ» አልበም መንፈስም በነጠላ ዜማዎቹ ብቻ አይጨበጥም። ይህን ለሌላ ጊዜ። በ2017፣ በ30ኛ ዓመታቸው፣ ከ2006 እስከ 2017 ያሉትን ነጠላ ዜማዎች የያዘ ሦስተኛ ክፍል ጨምረው በአንድ ሣጥን አወጡት። ቅደም ተከተሉ እንደ በፊቱ ነው፤ ከ«ሂባሪ ኖ ኮኮሮ» ይጀምራል፣ ስድስተኛዋም በስድስተኛ ቦታዋ አለች። ሰምቶ ትርፍ ናት የሚል ካለ፣ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልንና እንተያይ።