የሰፈር ስሞች በዲጂታል ካርታ ዘመን

የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚሄድበትን ቦታ የሚያመለክተው በአብዛኛው በቤት ቁጥር ሳይሆን በሰፈር ስም ነው። ስሞቹም አቅጣጫ ከመጠቆም ባሻገር የከተማዋን ታሪክ ተሸክመው ይገኛሉ። ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሰሉ ስያሜዎች መኳንንቱ በየይዞታቸው ዙሪያ ሰው ያሰፈሩበትን የቀደመ ሥርዓት ያስታውሳሉ። ፒያሳ፣ መርካቶና ካዛንቺስ ከፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን ቋንቋ የቀሩ ናቸው። ሜክሲኮ አደባባይ በአንጻሩ ያች አገር ወረራውን በመቃወም ከኢትዮጵያ ጎን የቆመችበትን ውለታ ይዘክራል። ሕዝቡ ስድስት ኪሎ በሚለው ስፍራ ላይም የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሰማዕታት ሐውልት ቆሟል።

በአሁኑ ወቅት ታክሲ የሚጠራም ሆነ ዕቃ የሚልክ ሰው ቦታውን የሚያሳውቀው በእጅ ስልኩ ካርታ ላይ ባለ ነጥብ ነው። አሠራሩ ጊዜ ይቆጥባል፤ ለከተማው እንግዳ የሆነውንም ያለ ጠያቂ ያደርሳል። ይሁን እንጂ ካርታው የሚያውቀው የተመዘገበለትን ብቻ ነው። የንግድ ድርጅቶች ስማቸውን ራሳቸው ሲያስመዘግቡ፣ የሰፈር ስም ግን አስመዝጋቢ ባለቤት የለውም። በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ ስም ብዙ መልክ ስለሚይዝ ፈላጊው ላያገኘው ይችላል።

ጉዳዩን አሳሳቢ የሚያደርገው ወቅቱ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተከናወነው የኮሪደር ልማት በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ ነባር ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎችም ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። ለምልክትነት ያገለግል የነበረው ቤትና ስሙን ይጠራ የነበረው ጎረቤት በአንድነት ሲለቁ፣ የስያሜው ህልውና በመዝገብ ላይ የተመሠረተ ይሆናል። ጉዳቱም በቅርስ ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም። የእሳት አደጋ የደረሰበት ሰው ለእርዳታ ሲደውል የሚናገረው የለመደውን ስም ነው፤ ያ ስም በተቀባዩ ካርታ ላይ ከሌለ ደቂቃዎች ይባክናሉ።

ስለዚህ የአድራሻ ሥርዓት ሲዘረጋ ነዋሪው የሚጠቀምባቸው ስያሜዎች ከመደበኛዎቹ ጎን በግእዝ ፊደል ሊመዘገቡ፣ የላቲን አጻጻፋቸውም ወጥ ሊሆን ይገባል። ምዝገባው ከግንባታ በፊት፣ ነባር ነዋሪዎችን በማሳተፍ ቢከናወን ተመራጭ ነው። የፈረሰ ቤት በሌላ ይተካል፤ የሚያስታውሰው ሰው ከተበተነ በኋላ ግን ስምን መልሶ ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው።