የማንጠቀምበትን አንጠይቅ



ሊኑክስ ስታንዳርድ ቤዝ አንድ ፕሮግራም በሁሉም የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ እንዲሠራ የወጣ መስፈርት ነው። ዓላማው መልካም ነው፤ ግን ሴንድሜይል የተባለውን የኢሜይል መላኪያ ትእዛዝም ግዴታ አደረገ። ስለዚህ በዴቢያን ላይ የኤፕሰን ፕሪንተር ድራይቨር ብቻ የፈለገ ሰው ኤግዚም የሚባል ሙሉ የኢሜይል ሰርቨር ይጫንበት ነበር። ነልሜይለርን የመሰለ ቀላል ፕሮግራም ግዴታውን ያሟላል፤ ሆኖም ዴቢያን ሁለት ኢሜይል ላኪ በአንድ ላይ ስለማይቀበል አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ2015 የመስፈርቱን አብዛኛውን ክፍል ተወው። እኔ ልክ አደረገ እላለሁ።

ነገ ለአጋሮና ለሊሙ የቡና ማኅበራት ፕሮግራም የምንሠራው እኛ ነን። የማንጠቀምበትን ግዴታ ስናደርግ ዋጋውን የሚከፍለው ኮምፒውተሩ ያረጀበትና ዳታ ያጠረው ሰው ነው። ፓኬጃችን የሚሠራበትን ብቻ ይጠይቅ።