ነጂ የሌለው አውቶሞቢል ቢያጠፋ ተጠያቂው ማን ነው?



ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ቡና ስንጠጣ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጄ «አባባ፣ ሰው የማይነዳው አውቶሞቢል ሰው ቢገጭ ወደ ዳኛ የሚቀርበው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እናቱ ሣቀች። እኔ ግን ለሹም ይቅርና ለልጅ እንኳ የሚበቃ መልስ ስላላገኘሁ፣ «ጥቂት ቀን ታገሠኝና እነግርሃለሁ» ብዬ አለፍሁት። በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ጠያቂ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁና፣ ቃሌን ለመጠበቅ ስል መርምሬ ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ነጂ የሌለው አውቶሞቢል ሲባል መንፈስ ያደረበት ብረት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በመኪናው ጣራና ጐን ላይ ካሜራ፣ ራዳርና ላይዳር የሚባሉ መሣሪያዎች ይተከላሉ፤ ላይዳር ማለት ብርሃን ወርውሮ፣ ብርሃኑ እስኪመለስ ድረስ ያለፈውን ጊዜ በመለካት በዙሪያው ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያውቅ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ዐይን ብቻውን ነጂ ሊሆን አይችልም። የታየው ነገር ሰው ነው ወይስ ዛፍ፣ ሰውስ እንደ ሆነ ወዴት ሊራመድ ነው፣ መኪናው ይቁም ወይስ ይለፍ የሚለውን የሚቈርጠው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር የሚባለው የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ከፊሉን ሰዎች ይጽፉታል፤ ከፊሉንም ኮምፒዩተሩ ከብዙ ጉዞ ምሳሌ እያየ ይማረዋል። እንግዲህ ነጂው ይህ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍም ከሆነ ጸሓፊ አለው ማለት ነው።

በ2004 የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት የምርምር ክፍል ነጂ የሌላቸውን መኪናዎች በሞሐቪ በረሓ ባወዳደረ ጊዜ፣ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ከሆነው መንገድ ከሁሉ ርቆ የሄደው መኪና 12 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ቀርቶ ነበር። በሚከተለው ዓመት ግን አምስት መኪናዎች መንገዱን ፈጸሙት። ከዚህ በኋላ ባለ ገንዘቦች ነገሩን ይከታተሉት ጀመር። በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ክሩዝ የሚባል አዲስ ኩባንያ ተመሠረተ፤ ከመሥራቾቹም አንዱ ካይል ቮግት ነበር። የኩባንያው የመጀመሪያ አሳብ በአውዲ አውቶሞቢል ላይ የሚገጠም፣ በአውራ ጎዳና ላይ ብቻ የሚያገለግል መሣሪያ በ10,000 ዶላር መሸጥ ነበር። ኋላ ግን ወደ ከተማ መንገድ ዞረ፤ በ2016ም ጄኔራል ሞተርስ የሚባለው ታላቅ ኩባንያ ገዛው። ኦገስት 10 ቀን 2023 የካሊፎርንያ ግዛት ሹማምንት በሳን ፍራንሲስኮ ያለ ነጂ ቀንም ሌሊትም በኪራይ ሰው እንዲያመላልስ ፈቀዱለት።

ፈቃዱ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ኦክቶበር 2 ቀን 2023 ከምሽቱ፣ አንዲት ሴት መንገድ ስትሻገር ሰው የሚነዳው ሌላ መኪና ገጫት። የገጫትም ሰው ሳይቆም ሸሸ። ሴትዮዋ ተወርውራ በአጠገቡ ይሄድ በነበረው በክሩዝ መኪና ፊት ወደቀች። መኪናውም ወዲያው ፍሬን ቢይዝ መግጨቱን ማስቀረት ሳይችል ቀረ፤ ከዚያም ቆመ። እስከዚህ ድረስ ያለው ነገር በሰው ነጂ ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ፣ እንደ መከራ ቈጥረን ባዘንንለት ነበር። ክፉው የመጣው ከቆመ በኋላ ነው። ሶፍትዌሩ ግጭቱ ከጐን የመጣ መስሎት ተሳሳተ፤ ለእንዲህ ያለው ግጭት የተጻፈለት ትእዛዝ ደግሞ ወደ መንገድ ዳር ውጣ የሚል ነበርና፣ ሴትዮዋ ከሥሩ ሳለች 6 ሜትር ያህል ጐተታት። በብርቱ ቈስላ በሕይወት ተረፈች።

ማታ በሩን ቈልፍ የተባለ አሽከር፣ ልጆቹ ከደጅ እንዳልገቡ ሳያይ ቈልፎ ቢተኛ ትእዛዝ አልጣሰም፤ ልጆቹ ግን ብርድ ላይ አደሩ። የዚያ መኪና ነገር ይህን ይመስላል።

እኔን ግን ከመኪናው ይልቅ ያስገረመኝ የሰዎቹ ነገር ነው። የኩባንያው ሰዎች ለጋዜጦች ሲናገሩ መኪናው ፍሬን ይዞ መቆሙን አወሩ፤ መጐተቱን ግን አላነሡም። ከመንግሥት ሹማምንት ጋራ በተገናኙ ጊዜ የተቀረጸውን ፊልም ሊያሳዩ ሞከሩ፤ የኢንተርኔቱ መስመር እየተቋረጠ ፊልሙ በደኅና ሳይታይ ሲቀር፣ በአፋቸው «ጐትቷታል» የሚለውን አንድ ቃል አልጨመሩም። ፊልሙ ራሱ ይናገራል ብለው ነበር። ሪፖርት ተቀብሎ የሚያውቅ ሁሉ እንዲህ ያለውን ዝምታ ሳያውቀው አይቀርም፤ ውሸት ነው እንዳይባል እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፤ እውነት ነው እንዳይባል ደግሞ ዋናው ነገር የለበትም። ኦክቶበር 24 ቀን የግዛቱ የተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት ፈቃዱን አገደ። በኖቬምበር የ950 መኪናዎች ሶፍትዌር እንዲታረም ሆነ፤ ቮግትም ሥራውን ለቀቀ። በ2024 ኩባንያው የሐሰት ሪፖርት ማቅረቡን አምኖ 500,000 ዶላር እንዲከፍል ተደረገ፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ጄኔራል ሞተርስ፣ ከ2016 ጀምሮ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያወጣበትን ይህን ነጂ የሌለውን የኪራይ አውቶሞቢል ሥራ ተወው።

ይህን ሁሉ ለቤተ ሰቤ በነገርሁ ጊዜ ባለቤቴ «መጀመሪያ ገጭቶ የሸሸው እኮ ሰው ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1,190,000 ያህል ሰው ይሞታል፤ ሶፍትዌር አይሰክርም፣ እንቅልፍም አይጥለውም። በሌላ ወገን ደግሞ በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ እየነዱ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ፣ ለወላጆቻቸውም ገንዘብ የሚልኩ ብዙ የአገራችን ልጆች አሉና፣ መሪውን ማሽን በያዘው ቀን እነርሱ ምን እንደሚይዙ አላውቅም። ይህን ስናገር ባለቤቴ ዝም አለች፤ ወንድሟ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ልጄ ግን ጥያቄውን አልተወም። «የተቀጣው ኩባንያው ነው፤ ቅጣቱም ገንዘብ ነው» ብዬ ብነግረው፣ ጥቂት አሰበና «አባባ፣ ወደ ዳር ውጣ ብሎ የጻፈው ሰው በዚያች ሌሊት የት ነበረ?» አለኝ።

«በቤቱ ተኝቶ ይሆናል» አልሁት።