የቀጭኔዋን አንገት ልቀቁ!

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ላማርክ ማን እንደሆነ ቢጠይቁት፣ «ቀጭኔ አንገቷን ስትስብ ስትስብ ረዘመላት ያለው ሰውዬ» ይልዎታል። ከመልሱ ጋር ሳቅ አይጠፋም። ከዚያ ዳርዊን ይመጣል፤ ሳቁ ያበቃና እውነቱ ይጀምራል። ብዙ የባዮሎጂ መማሪያ መጻሕፍት የዝግመተ ለውጥን ታሪክ የሚተርኩት እንዲህ ነው፤ ሞኙ ተናገረ፣ ብልኁ አረመው። እኔ ባዮሎጂስት አይደለሁም፤ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። የተከሳሹን ቃል ሳይሰሙ ፍርድ መጻፍ ነውር መሆኑን ግን አውቃለሁ።

እስቲ ተከሳሹን እናቅርበው። ዣን ባፕቲስት ላማርክ እ.ኤ.አ. በ1793 በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ፕሮፌሰር ሲሆን የደረሰው ብዙዎች የናቁት ክፍል ነበር፤ ነፍሳትና ትላትል። አከርካሪ የሌላቸውን እንስሳት በወጉ ለመከፋፈል ዕድሜውን ሰጠ። ዳርዊን በተወለደበት በ1809 ባሳተመው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፉም፣ ዝርያዎች ቋሚ አይደሉም፣ በረጅም ዘመን በተፈጥሮ ሕግ ይለወጣሉ ሲል ጻፈ። በዚያ ሁሉ ገጽ መካከል የቀጭኔዋ ድርሻ አንዲት አጭር አንቀጽ ናት!

የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ኩቪዬ በበኩሉ ዝርያ አይለወጥም ባይ ነበር። ማስረጃውም ዋዛ አልነበረም። ከናፖሊዮን የግብፅ ዘመቻ የመጣውን፣ ጥንት በመድኃኒት የደረቀ የኢቢስ ወፍ አስከሬን በሕይወት ካለው ኢቢስ ጋር አስተያየ፤ ከሁለትና ከሦስት ሺህ ዓመት በኋላም ወፉ ያው ወፍ ነው። ላማርክ ምን መለሰ? የግብፅ አየርና ምድር ካልተለወጠ ወፉ ስለ ምን ይለወጣል? ደግሞስ ሁለት ሦስት ሺህ ዓመት በምድር ዕድሜ ምን አላት? ይህን መልስ ዛሬም ቢሆን የሚያፍርበት ባዮሎጂስት ያለ አይመስለኝም።

ላማርክ ዓይኑ ጠፍቶ፣ በድህነት፣ በ1829 ሞተ። በ1832 በሳይንስ አካዳሚ የተነበበለትን የሙት መታሰቢያ የጻፈው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኩቪዬ! ላማርክ ያለው «የኑሮ ግዴታ ልማድን፣ ልማድም አካልን ይለውጣል» ነበር። በኩቪዬ ብዕር ግን ነገሩ ወፏ መዋኘት ስለተመኘች እግሯ ቆዳ አበቀለ ወደሚል ተረት ተለወጠ። ጽሑፉ ሲነበብ ኩቪዬ ራሱ ሞቶ ነበር፤ ፌዙ ግን ከሁለቱም በላይ ዕድሜ አገኘ።

ላማርክ አልተሳሳተም እያልኩ አይደለም። ተሳስቷል፤ አንጥረኛ በመዶሻ ያዳበረውን ክንድ ለልጁ አያወርስም። ነገር ግን ዳርዊንም በ1859 መጽሐፉ አካልን የመጠቀምና ያለመጠቀም ውጤት ይወረሳል ብሏል፤ በ1868 ደግሞ ይህ እንዴት እንደሚሆን የሚያስረዳ መላምት አቅርቧል። ታዲያ ሳቁ ለአንዱ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ማለት ይኸው ነው።

የሊሴንኮንም ኃጢአት በእርሱ ላይ የሚያላክኩ አሉ። ሊሴንኮ በኑሮ የተገኘ ጠባይ ይወረሳል የሚለውን ሐሳብ በስታሊን ድጋፍ የሶቪየት ኅብረት መንግሥት ትምህርት አደረገው። የተቃወመው ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ በ1927 አገራችን መጥቶ ስንዴና ገብሳችንን ያጠናው ሊቅ፣ በ1940 ታሰረ፤ በ1943 በሳራቶቭ ወኅኒ ሞተ። ቫቪሎቭን ለዚህ ያበቃው ግን «ተሳስታችኋል» ማለትን የከለከለ ሥልጣን ነው። ላማርክ ወፏን ይዞ ከኩቪዬ ጋር ተከራከረ እንጂ ማንንም አላሳሰረም።

«ለተማሪ ነገር ማቅለል ያስፈልጋል» የሚሉኝ መምህራን አይጠፉም። መልካም! እስቲ ያንኑ የሳቀውን ተማሪ ግመል ሻኛ እንዴት እንዳወጣ ይጠይቁት። «በረሃውን ለመቋቋም ብሎ አበቀለ» ይላል። ይህማ ኩቪዬ በላማርክ ስም የፈጠረው ተረት ነው! ተማሪው የሳቀበትን ስህተት ራሱ ተሸክሞት ይሄዳል፤ ሳቁ ስህተቱን እንዳያይ ጋርዶታልና። የተፈጥሮ ምርጫ እንስሳው ስለተመኘ እንደማይሠራ፣ ልዩነቱ አስቀድሞ በመንጋው ውስጥ እንደሚገኝና የተሻለው ብዙ ልጅ እንደሚተካ አልገባውም።

ስለዚህ ቀጭኔዋን ተዉአትና ኢቢሱን ወደ ክፍል አምጡ። የኩቪዬን ማስረጃና የላማርክን መልስ ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፉ። ተማሪው ይከራከርበት፤ መፍረዱን ከዚያ በኋላ ይድረስበት።