አመዱ አጣላን!

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከወላይታ ሶዶ ነው። ላኪዋ ስሜ ይቅር ስላለች አንጠቅሰውም። ጉዳዩ የፍቅር አይደለም፤ ግን ከፍቅር ባልተናነሰ ያጣላል። እንዲህ ትላለች፦

«እኔና ደባሌ የምንኖረው አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን ነው። ለማብሰያም ለማሞቂያም የሰጋቱራ ምድጃ እንጠቀማለን፤ ሰጋቱራው ሲጠፋ ደግሞ ከሰል። ጠዋት ወልውዬ የወጣሁት ቤት ማታ አመድ ለብሶ ይጠብቀኛል። ብርድ ልብሱ አመድ፣ ቴሌቪዥኑ አመድ፣ ስኒው ሳይቀር አመድ! ከውጭ ደግሞ የባጃጁ አቧራ አለ። እኔ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ እሷ ታፈንኩ ብላ ትከፍታለች። መነጋገር ካቆምን ሳምንት ሊሞላን ነው። ማናችን ነን ትክክል?»

እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ እንጂ በመስኮቱ ጉዳይ ደባልሽ ትክክል ናት። በአመዱ ግን አንቺም እውነት አለሽ።

የዳሞታ ግርጌ ማታ ማታ እንደሚበርድ፣ በበጋ ደግሞ ቀዩ አፈር ቤት ድረስ እንደሚገባ የሶዶ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቢሆንም ጣትሽን አሳርፈሽ የምታይው አቧራ ዋናው ጠላትሽ አይደለም። እሱ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ክፉው ከጭሱ ጋር የሚወጣውና ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የሚያንሰው ብናኝ ነው። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ በመወልወያም አይያዝም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. የቤት ውስጥ ጭስ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ሰጋቱራም ሆነ ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው! ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ስለጠፋ ጋዙም ጠፋ ማለት አይደለም። ከሰል ቤት አስገብተው በራቸውን ዘግተው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ አለ? ደባልሽ «ታፈንኩ» ስትል ቅንጦት እንዳይመስልሽ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ነው፤ ከዚያ ወደ ሐኪም። ሎሚ አሽቱ፣ ወተት ጠጡ እየተባለ ጊዜ አይጥፋ።

ባሕር ማዶም ሰጋቱራ ያነዳሉ። በመኪና ተጨምቆ እንደ ትናንሽ ክኒን የተሠራውን በምድጃ ያቃጥሉታል፤ እነሱም ስለ አመዱ ያማርራሉ። ልዩነቱ የእነሱ ምድጃ ጭሱን ውጭ የሚያስወጣ ቱቦ አለው። የኛ ጣሳ ቱቦ የለውም። የኛ ቱቦ መስኮቱ ነው!

አሁን ወደ አመዱ እንምጣ።

ሰጋቱራውን ቤት ውስጥ አትጠቅጥቂ። ጣሳው መሐል ዱላ አቁመሽ ዙሪያውን የምትሞይውም፣ ዱላውን ነቅለሽ የምትለኩሺውም ደጅ ይሁን። ግማሹ ብናኝ እዚያው ይቀርልሻል። እርጥብ ሰጋቱራ ጭስ ብቻ ነውና መጀመሪያ ፀሐይ ይምታው። ከአናጺ ስትወስጂም ቀለም የተቀባ እንጨትና የቺፑድ ፍቅፋቂ አትቀበይ፤ ሙጫውና ቀለሙ ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው።

ምግቡን በረንዳ ላይ አብስሉ። ዝናብ ካስገደዳችሁ በሩ አጠገብ አድርጋችሁ በሩንም መስኮቱንም ክፈቱ። ከሰሉን ቤት ውስጥ በማራገቢያ ማርገብገብ ይቅር፤ አመዱን ብርድ ልብስ ላይ የሚበትነው እሱ ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው ይውጣ። ለብርዱ ጋቢ ደርቡ።

አመዱ የሚጠረገው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ውሃ ርጨት ተደርጎበት ነው። አመድ ውስጥ የተዳፈነ ፍም እስከ ማግስቱ ሊቆይ ስለሚችል የላስቲክ ባልዲ ውስጥ እንዳትጨምሪው፤ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ይሻላል። ለዕቃ ማጠቢያ ጥቂት አስቀሪ፤ የተረፈውን አከራይሽ ጓሮ እንሰት ካላቸው ይወስዱልሻል።

ቤቱንም በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጊ፤ አቧራውን ከወለል ወደ አልጋ ማዛወር ነው። ከላይ ወደ ታች በእርጥብ ጨርቅ ወልውይ፣ መጨረሻ ላይ ሊሾው። ስኒና ሳህን ይሸፈን። ለመንገዱ አቧራ ደግሞ መስኮቱ ላይ ስስ መጋረጃ ስቀይና በየሳምንቱ እጠቢው። ምድጃው ውጭ ካደረና ቤት ውስጥ የሚነድ ነገር ከሌለ፣ ባጃጅ በሚበዛበት ሰዓት መስኮቱን ብትዘጊ ደባልሽም የምትቃወም አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጊ። ይህችን ጋዜጣ ይዘሽ ግቢ፣ ለደባልሽ «አንቺ ነሽ ልክ» በያት። መታፈኗን እየነገረችሽ መስኮት የዘጋሽው አንቺ ነሽና መጀመሪያ መናገር ያለብሽም አንቺ ነሽ። ከዚያ ቡና አፍሉ፤ ከሰሉ ግን በረንዳ ላይ!

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።